ኢንተርኔት በስልክ በሚደወልበት ዘመን ርቀት ስንት ያስከፍል ነበር?

ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ሆናችሁ የዳታ ጥቅል ስትገዙ፣ ቦሌ ላይ ያለ ሰው ከሚከፍለው የተለየ ዋጋ አትከፍሉም። የምታነቡት ገጽ ባሕር ዳር ይቀመጥ ካሊፎርኒያ፣ ሂሳባችሁ ላይ ለውጥ የለውም። ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኮምፒውተር በስልክ መስመር እየደወለ በሚገናኝበት ዘመን ርቀት ራሱን የቻለ ዋጋ ነበረው። ዋጋው እንዴት እንደጠፋ ማወቅ ደግሞ የዛሬውን ሂሳብ ለማንበብም ይረዳል።

መስመሩን ኮንትራት መያዝ

ሞደም የኮምፒውተርን መረጃ ወደ ድምፅ ይቀይርና በስልክ መስመር ይልከዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሞደም ድምፁን መልሶ መረጃ ያደርገዋል። ለቴሌ ማዞሪያ ጣቢያ ግን ይሄ ተራ የስልክ ጥሪ ነው። ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ለብቻችሁ ይያዛል፤ ብታወሩበትም ዝም ብትሉም። ኮንትራት ታክሲ እንደመያዝ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ትከፍላላችሁ። የክፍለ ሀገር ጥሪ ሲሆን ደግሞ የደቂቃው ዋጋ በርቀት እየጨመረ ይሄዳል።

እስቲ እናስላው። የድሮ ሞደም በሰከንድ 2,400 ቢት ይልክ ነበር። አንድ የላቲን ፊደል ለመላክ ወደ 10 ቢት ስለሚያስፈልግ፣ በሰከንድ 240 ፊደል ማለት ነው። 2,400 ፊደል ያለው የአንድ ገጽ ደብዳቤ በ10 ሰከንድ ያልቃል። 1 ሜጋባይት የሚሆን ፎቶ ግን 70 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል! በኋላ በመጣው ባለ 56 ኪሎቢት ሞደም፣ መስመሩ በሰከንድ 5 ኪሎባይት ካሳለፈ፣ ያው ፎቶ ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ደቂቃው አንድ ብር ነው ብንል፣ የፎቶው ዋጋ ከ70 ብር ወደ 4 ብር ወረደ ማለት ነው። መስመሩ ከተንጫጫና ጥሪው መሀል ላይ ከተቋረጠ ግን የከፈላችሁበት ደቂቃ ሊባክን ይችላል።

አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መላክ

ለዚህ የመጀመሪያው መላ ቀላል ነበር፦ ደብዳቤውን መስመር ሳይያዝ መጻፍ፣ ማጠራቀም፣ ጠቅጥቆ ማሳነስና ታሪፉ ርካሽ በሆነበት ሰዓት አንድ ጊዜ ደውሎ መላክ። ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው ፊዶኔት በዚህ መንገድ ይሠራል። ወደ እኛም ሀገር መጥቷል። ኢትዮጵያ ሙሉ ኢንተርኔት ከማግኘቷ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የኢሜይል አገልግሎቱን የሚሰጠው በፊዶኔት ነበር። የብዙ ሰው ደብዳቤ ተጠራቅሞ በአንድ የውጭ ሀገር ጥሪ ስለሚሄድ፣ ውዱ ደቂቃ ለብዙ ሰው ይካፈላል።

ከኮንትራት ወደ ሚኒባስ

አሜሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ቴሌኔት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ፒሲ ፐርስዩት የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ደንበኛው ሠፈሩ ባለ ቁጥር ይደውላል፤ ከዚያ መረጃው በትንንሽ ጥቅሎች እየተከፋፈለ በኩባንያው መረብ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እዚህ ላይ ኮንትራቱ ቀርቶ ሚኒባስ ሆነ፤ አንዱ መስመር የብዙ ሰው ጥቅሎችን አሳፍሮ ይሄዳል። ክፍያው በወር 25 ዶላር ሲሆን፣ የሚያገለግለው ማታና ቅዳሜና እሁድ ነበር። ለምን? በሥራ ሰዓት መረቡን የሚሞሉት ድርጅቶች ስለነበሩ፣ ማታ ግን ባዶ ስለሚሆን ነው። ታዲያ ሰው መስመሩ ላይ ሰዓታት መቆየት ለመደ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ኩባንያው በ30 ዶላር 30 ሰዓት ብቻ ብሎ ወሰነ።

ደብረ ታቦር ላይ የመጣው ለውጥ

በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር፣ የሚደወልለት ማዕከል አዲስ አበባ ነበር። ሸገር ላለ ደንበኛ ይህ የከተማ ጥሪ ነው። ከደብረ ታቦር ግን በመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በተለመደው ታሪፍ ቢሄድ ኖሮ ደብረ ታቦር ያለ ሰው ከኢንተርኔቱ ክፍያ ላይ የክፍለ ሀገር ጥሪ ሂሳብ ይጨመርበት ነበር፤ ያውም ለዚያው ገጽ፣ በዚያው ሞደም።

ይህን የፈታው አዲስ ማሽን አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ ሴኔጋል፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኡጋንዳና ሌሎች የአፍሪካ ሀገሮች ለኢንተርኔት የተለየ ቁጥር መደቡ፤ ከየትኛውም ከተማ ቢደወል የሚታሰበው በከተማ ጥሪ ዋጋ ሆነ። ልብ በሉ፦ ጥሪው ያንኑ ርቀት ነው የሚጓዘው። የተለወጠው የሂሳብ ደንቡ ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር አንጻር ይህ ውሳኔ ሞደም ከመቀየር የማይተናነስ ለውጥ ነበር።

ደንቡ ሁሉን አልፈታም። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ የስልክ መስመር አልነበረውም። ታሪፉ ርቀቱን የሰረዘው መስመር ለገባለት ሰው ነው፤ በፋርጣ ወይም በስማዳ ገጠር መስመር ላልደረሰበት ቤት የከተማ ጥሪም የክፍለ ሀገር ጥሪም ያው ነው።

የዛሬውን ሂሳብ ስታነቡ

ዋጋ ስታወዳድሩ ታዲያ ‹‹ስንት ብር?›› ከማለት በፊት ‹‹የሚቆጠረው ምንድን ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ የሚቆጠረው ደቂቃ ነበር፤ መስመሩ ሲዘገም ገንዘባችሁን ይበላ ነበር። ዛሬ የሚቆጠረው ባይት ነው፤ ኔትወርኩ ሲዘገም ጊዜያችሁን እንጂ ጥቅላችሁን አይበላም፤ በራሱ የሚከፈት ቪዲዮ ግን ይበላዋል። የሌሊት ጥቅል የሚረክስበት ምክንያት ደግሞ ያው የድሮው ነው፦ ሌሊት መረቡ ባዶ ነው፣ ባዶ ወንበር ይዞ ከመሄድ በርካሽ ማሳፈር ይሻላል።