የጂስ ቤንድ ብርድ ልብሶች

ጂስ ቤንድ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1816 የጥጥ እርሻ ካቋቋመው ከጆሴፍ ጊ ነው። አብዛኞቹ ነዋሪዎች በዚያ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው።

የመንደሩ ሴቶች ድሪቶ ብርድ ልብስ መስፋት የጀመሩት ነፋስ በሚያስገቡ የእንጨት ጎጆዎች ውስጥ ቤተሰባቸውን ከብርድ ለማዳን ነበር። ካረጀ የሥራ ልብስና ከዱቄት ከረጢት የተቆረጡ ጨርቆችን ይገጣጥማሉ፤ በገጹና በገበሩ መካከል ጥጥ ያነጥፋሉ፤ ከዚያም ሦስቱን ድርብ በእጅ ስፌት ያያይዛሉ። ከሱሪ ላይ ኪስ ሲነሳ የሚቀረው ያልደበዘዘ ሰማያዊ ራሱ የንድፉ አካል ይሆናል። የመንደሩ ነዋሪ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ ሲሞት፣ የሥራ ልብሱን ቀዳ ለመታሰቢያው ብርድ ልብስ ሰፍታለች።

በ1966፣ በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን፣ የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኪልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርተው የእጅ ሥራቸውን ለኒው ዮርክ ገበያ አቀረቡ። በ1972 ማኅበሩ ለሲርስ ኩባንያ የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ፤ ለዚህ ሥራ ከዋለው፣ ኮርዱሮይ ከተባለው ባለሸንተረር ወፍራም ጨርቅ የተረፈው ቁርጥራጭ በየቤቱ ለሚሰፋው ብርድ ልብስ አዲስ ቀለም አመጣ።

በ2002 ሥራዎቹ በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ምስላቸውን በቴምብር አሳተመ። ለአልጋ የተሰፉት ብርድ ልብሶች በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የሚገባቸውን ስፍራ ያዙ።