ድምፅን በልኩ ስለ መስማት

የሰው ድምፅ ከሰውየው ጋራ መቃብር መውረዱ የቀረው በቅርብ ዘመን ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ሠራ። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክ ላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም እንዲሁ በድምፃቸው መለሱላቸው። ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቈይቶ፥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ለአውቶሞቢል ሙያ ወደ ጀርመን አገር በተላኩ ጊዜ፥ ማሲንቆ እየመቱ ዘፍነው ሸክላ አስቀረጹ።

ወጣቶች ሆይ፥ እነዚህ ሰዎች ዛሬ ስለ ራሳቸው መናገር አይችሉም፤ ምስክራቸው ሸክላው ነው። ሸክላ ግን እውነት የሚናገረው በተቀረጸበት ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከመቶ ስድስት እጅ ቢጐድል ድምፁ በግማሽ ቃና ይወርዳል፤ ጐልማሳው ሽማግሌ ይመስላል። በዚያ ዘመን ደግሞ የሸክላ ፍጥነት በደቂቃ 78 ዙር ነው ተብሎ ገና አልተቈረጠም ነበር፤ አንዱ ወደ 70፥ ሌላው ከ80 በላይ ይቀርጽ ነበር። ፒያኖ ያለበት ሸክላ ቢሆን ቃናው ፍጥነቱን ያመለክታል፤ ማሲንቆ ግን በዘፋኙ ድምፅ ልክ ስለሚቃኝ ይህን አይነግረንም። ስለዚህ ፍጥነቱን ሳይመረምር «ተሰማ ድምፃቸው ወፍራም ነበር» የሚል ሰው በሟች ላይ በሐሰት ይመሰክራል።

የዱሮው ግራሞፎን በእጅ ተጠምዝዞ በሚፈታ ብረት ይዞር ነበር። ፍጥነቱ እንዳይለዋወጥ ከሞተሩ ጋራ የሚሽከረከሩ ትንንሽ የብረት ክብደቶች ነበሩት፤ ሲፈጥን ወደ ውጭ ተወጥረው ፍሬን ያስይዙታል፥ ሲዘገይ ይለቁታል። ልጓሙ በራሱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ለባሕር ዳር ሰው ሌላ መለኪያ የመጣለት የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር ነው። ኤሌክትሪካችን በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የኒዮን አምፖል 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ክብ ወረቀት ላይ 180 እኩል መስመሮች አስምሮ በዚያ ብርሃን ሥር በሸክላው ላይ ቢያኖሩት፥ ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ሲዞር መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ወደ ዙሩ አቅጣጫ ቢሄዱ ፈጥኗል፤ ወደ ኋላ ቢሉ ዘግይቷል። ይህ የሌለው መርፌውን አሳርፎ ዙሩን በሰዓት ይቍጠር፤ በ3 ደቂቃ 100 ሊሆን ይገባል። አቶ አምሃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ያሳተሟቸው ትንንሽ ሸክላዎች ግን በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራሉ።

በጣና ዳር አድባራት ዜማ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከበሮው ያለ ልክ ቢቸኵል ወረቡ እንደሚፋለስ ያውቃልና።

እንግዲህ የአባቶቻችሁን ድምፅ ስትሰሙ፥ ስለ እነርሱ የተጻፈውንም ስታነቡ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት መሣሪያችሁን መርምሩ። ሟች «እኔ እንዲህ አልነበርሁም» ብሎ አይከራከርም፤ ስለ እርሱ የሚጠነቀቅለት ሕያው ሰሚ ብቻ ነው።