ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፤ የጠረፍ ጦር አለቃና ዳኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ መጨረሻው የቦረና አገር ነው። ይህን አገር ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት ያስገበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በቅጽል ስማቸው አባ መላ፣ ናቸው። በጨቦ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው በምኒልክ ሠራዊት ተማርከው፣ በአገልግሎት ከፍ አሉ። በ1888 ዓ. ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ሲወድቁ በማዕርጋቸው ተተኩ፤ በ1900 ዓ. ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ምርኮኛ ለዚህ መብቃቱ የዚያን ዘመን መንግሥት በትውልድ ብቻ እንዳልቆመ ያስረዳል።

የቦረና ዘመቻ የተደረገው ከክፉ ቀን በኋላ፣ የደጋው አገር በከብት እልቂት በተራቈተበት ጊዜ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቦረና ግን ሀብቱ መሬት ሳይሆን ከብትና የውሃ ጕድጓድ ነው፤ ሕጉም በገዳ የቆመ ነው። ስለዚህ በእርሻ ላይ የተመሠረተው የገባር ሥርዐት ከብቱን ተከትሎ ለሚዘዋወር ሕዝብ በልኩ የተሰፋ አልነበረም። ግብሩ በአብዛኛው በከብት ተከፈለ፤ የሳቦና የጎና ቃሉዎችም ባላባት ተባሉ። የሃይማኖት አባት ግብር ሰብሳቢ ሲሆን ምን ያጣል? ጥናት የሚሻው ይህ ነው።

በኅዳር 1900 ዓ. ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው የወሰን ውል የቦረናን ግጦሽ ከሁለት ከፈለው። ውሉ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በሌላው ወገን እንዲያግጡና ከጕድጓዱ እንዲቀዱ ፈቅዷል፤ ነገር ግን በወረቀት የተፈቀደ ውሃ ሁሉ አይጠጣም። የገደዱማ ጕድጓዶች ክርክር እስከ 1962 ዓ. ም. ውል ድረስ ዘለቀ።

ፊታውራሪ በሕዝብ ዘንድ ከጦራቸው ይልቅ በፍርዳቸው ይታወሳሉ። ከዛፍ ወድቆ ሰው የገደለውን ተከሳሽ በተመለከተ፣ የሟች ወገን እርሱም ከዛፍ ወድቆበት ይግደለው ብለው ፈረዱ ይባላል። ይኸው ተረት በሌሎችም አገሮች ስለ ሌሎች ዳኞች ይነገራል፤ እንደ ችሎት መዝገብ ሳይሆን እንደ ዝናቸው ምስክር ሊወሰድ ይገባል። ሕዝቡ ብልህ ፍርድን የሚያለብሰው ሰው ሲሻ አባ መላን መምረጡ ራሱ ታሪክ ነው።

ከሰገሌ ጦርነት (1909 ዓ. ም.) በኋላ ከንግሥት ዘውዲቱና ከራስ ተፈሪ ጋር ሦስተኛው ኀይል እርሳቸው ነበሩ። በታኅሣሥ 1919 ዓ. ም. ሲሞቱ ጦራቸውና ሰፊ ርስታቸው ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ።