የሥራ ማመልከቻ እና ሲቪ በኢትዮጵያ

የሥራ ማመልከቻ ሥራ ፈላጊ ለቀጣሪ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ሲቪ (ካሪኩለም ቪቴ) ደግሞ የአመልካቹን ትምህርት፣ የሥራ ልምድና ችሎታ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ የሚዘረዝር መግለጫ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኖው ገዥ ሎዶቪኮ ስፎርዛ ችሎታውን ዘርዝሮ የጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሲቪ ቀዳሚ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ታሪካዊ መነሻ

በኢትዮጵያ ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ ግቢ ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ የአመልካቹ ማስረጃም የሚያውቀው ሰው ምስክርነት ነበር። የዘመናዊ መሥሪያ ቤቶች መስፋፋት ወረቀቱን አመጣ። መጻፍ የማይችለውም ለራፖር ጸሐፊ ከፍሎ ያስጽፍ ነበር። ዛሬ ይህን ሥራ በአብዛኛው የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ይዘውታል።

የማስረጃ አቀራረብ

የመንግሥት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹ ዋናውንና የማይመለስ ኮፒውን ይዞ በአካል እንዲቀርብ ይጠይቃል። በወገራ ወረዳ ከአምባ ጊዮርጊስ ርቆ ባለ ቀበሌ ለሚኖር ምሩቅ ይህ ማለት ማስታወቂያው ሳይዘጋ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደባርቅ መጓዝ ማለት ነው። አንድ ወረቀት ቢጎድል መንገዱ ከንቱ ይሆናል።

በብዛት የሚያስቸግረው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሠራተኛው ሥራ እስኪለቅ መጠበቅ የለበትም፤ በሥራ ላይ እያለም ሊጠይቅ ይችላል። ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ሲሆን ግን ብዙ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ይፈልጋሉ።

ቀንና ስም

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ለዓለም አቀፍ ድርጅት በሚቀርብ ሲቪ ላይ ስሕተት ያስከትላል። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ተመርቆ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው ሁለቱም የሆኑለት በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለቱም ላይ 8 ዓመት ከደመረ ቅጥሩ 2021 ይሆንና ያልነበረ የሥራ አጥነት ዓመት ይፈጠራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለፍ ሲል ድረስ የሚጨመረው 7 ነው። ስምም እንዲሁ ነው፤ በውጭ አገር ቅጽ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ አንድ ጊዜ የአባት፣ ሌላ ጊዜ የአያት ስም የሞላ ሰው ወረቀቶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ።

ይዘት

«ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚለው ሐረግ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት በወጡ ሲቪዎች ሁሉ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ማንም የሚናገረው የለም። የተሠራውን ሥራ መግለጽ ይሻላል። ለምሳሌ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለአስጎብኚነት የሚያመለክት ሰው «ልምድ አለኝ» ከሚል፣ ጎብኚዎችን ከሳንቃበር በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ ስንት ጊዜ እንደመራና በየትኛው ቋንቋ እንዳስረዳ ቢጽፍ አንባቢው የሚይዘው ነገር ያገኛል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛም የሠራበትን ቀበሌና የገብስ ወይም የድንች ዘር ያዳረሰባቸውን አርሶ አደሮች ቁጥር ሊጠቅስ ይችላል። ክፍያ ያልነበረው ሥራም ቢሆን ያልተከፈለበት መሆኑ ተገልጾ መግባት ይችላል።

በመሥሪያ ቤት መግባባት

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ተቀባይ፣ «ጉዳዩ» የሚል መስመርና አስፈላጊ ሲሆን ግልባጭ ይኖረዋል። በመዝገብ ቤት በኩል ያልገባ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ በእጁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስፈርማል። በንግግር በኩል አዲስ ሠራተኛን የሚያደናግረው መጠሪያ ነው። በጎንደር አካባቢ ለሽማግሌ ባለጉዳይ «አንቱ» ማለት የተለመደ ነው፤ በቢሮ «እርስዎ» ይበዛል። በዕድሜ የሚበልጥን ባለጉዳይ «አንተ» ያለ ወጣት ሠራተኛ መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ እንደ ስድብ ሊቆጠርበት ይችላል። ለአለቃ ከማክበር የተነሣ ያልገባን ትእዛዝ «እሺ» ብሎ መውጣትም የተለመደ ነው፤ ሥራው ተበላሽቶ ሲገኝ ግን ተጠያቂው «እሺ» ያለው ነው። ትእዛዙን በራስ ቃል ደግሞ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ አክብሮትን አይቀንስም።