የጨረር ልኬትና የግብረ-መልስ ቁጥጥር

የጨረር ልኬትና የግብረ-መልስ ቁጥጥር በአክስለሬተር ውስጥ የሚፈጥኑ ቅንጣቶችን አቅጣጫና መጠን ያለማቋረጥ እየለኩ፣ ስሕተት ሲታይ ወዲያውኑ የሚያርሙበት ዘዴ ነው። ሲሞን ቫን ደር ሜር በሰርን ያዳበሩት፣ ተበታትነው የሚሮጡ ቅንጣቶችን እየለካ የሚሰበስብ ሥልት እ.ኤ.አ. በ1984 ከካርሎ ሩቢያ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በኢትዮጵያ ዘዴው የሰውን ሕይወት የሚነካው በካንሰር የጨረር ሕክምና በኩል ነው።

በኢትዮጵያ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት-60 ማሽን ሕክምናውን ጀምሮ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ነበር። የኮባልት ጨረር በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ መጠኑ አስቀድሞ ይሰላል። በኋላ የመጣው ሊኒየር አክስለሬተር ግን ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ፣ መጠኑ ሕክምናው እየተካሄደም ሊለዋወጥ ይችላል።

አሠራር

ኤሌክትሮኖች በማይክሮዌቭ ፈጥነው ብረት ላይ ሲያርፉ ኤክስሬይ ይወጣል። ኤክስሬዩ ታማሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጨረርን በሚለኩ ሁለት ስስ አዮናይዜሽን ቻምበሮች ያልፋል። ጨረሩ ወደ አንድ ጎን ካደላ የግራና የቀኝ ንባባቸው ይለያያል፤ ልዩነቱም የኤሌክትሮኖቹን መንገድ የሚመሩትን የማግኔት ጥቅልሎች ያስተካክላል። የታዘዘው መጠን ሲሞላ አንደኛው ቻምበር ጨረሩን ያቋርጣል፤ እሱ ቢሳነው ሁለተኛው ይተካዋል።

የከፍታ ተጽዕኖ

መለኪያው ከተሳሳተ ቁጥጥሩም አብሮ ይሳሳታል። ስለዚህ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ሌላ ቻምበር አስገብቶ ማሽኑን ይፈትሻል። ይህ ቻምበር ለአየር ክፍት ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ንባቡም ያንሳል። 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ባለሙያው ይህን ሳያርም ማሽኑን ቢያስተካክል፣ ታማሚው ከታዘዘለት በሲሶ የበለጠ ጨረር ይወስዳል። የዕለት ፍተሻ የሚፈቅደው ልዩነት ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

በመተከል ዞን የምትገኘው ፓዌ ከፍታዋ 1,120 ሜትር ገደማ ሲሆን የግፊቱ ቅናሽ ወደ 13 በመቶ ይጠጋል። ፓዌ አክስለሬተር ባይኖራትም ለንጽጽር ትጠቅማለች። በእኩል ሙቀት የቻምበሩ ንባብ የሚባዛበት የአዲስ አበባ ማረሚያ ቁጥር 1.33፣ የፓዌ 1.14 ያህል ነው። የአዲስ አበባው ቁጥር እንዳለ ወደ ቆላ ቢወሰድ፣ ማሽኑ ከሚገባው በላይ የሚያመነጭ ይመስልና ይቀነሳል፤ ዕጢውም በቂ ጨረር ሳያገኝ ይቀራል። ማሽኑ በየትኛውም ከፍታ ቢተከል፣ ግፊቱና ሙቀቱ የሚለካው እዚያው፣ በፍተሻው ሰዓት ነው።