ባዶ ኪስና የተሰናከለች መንኮራኩር

ጠፈር ላይ ተሰናክላ በቀረች መንኮራኩር ውስጥ የሚካሄድ አስፈሪ ፊልም በትንሽ ገንዘብ ለመሥራት ከሚመቹ የፊልም ዓይነቶች አንዱ ነው። ምክንያቱ ከታሪኩ ጋር የተያያዘ ነው። መንኮራኩሯ ስለተበላሸች ማንም መውጣት አይችልም፤ ማንም ካልወጣ ደግሞ ለፊልም ሠሪው ሁለት ሦስት ክፍል፣ አንድ ኮሪደርና ስድስት ሰባት ተዋንያን ይበቁታል። ከተማ ማሳየት፣ መንገድ ማዘጋት፣ ሕዝብ ማሰለፍ የለበትም። የመንኮራኩሯ መብራት ሲጠፋ ተመልካቹ ይፈራል፤ የጭራቁ ስፌትና የግድግዳው ኮምፔርሳቶም በዚያው ይሸፈናሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ዘውግ መሠረት ከጣሉት ፊልሞች አንዱ በ1958 የወጣው፣ ኤድዋርድ ካን ያዘጋጀው ‹ኢት! ዘ ቴረር ፍሮም ቢዮንድ ስፔስ› ነው። ከማርስ በምትመለስ መንኮራኩር ውስጥ አንድ ፍጡር ተደብቆ ይሳፈራል። ተጓዦቹ ከታችኛው ወለል ወደ ላይኛው እየሸሹ በሩን ይዘጋሉ፤ እሱ እየሰበረ ይከተላቸዋል። መሸሻ ሲያጡ አየሩን አስወጥተው አፍነው ይገድሉታል። የጭራቁን የጎማ ልብስ የሠራው ፖል ብሌይስዴል ሲሆን የለበሰው ሬይ ኮሪጋን ነበር። ጭንብሉ በኮሪጋን ፊት ልክ ስላልተሠራ አገጩ በጭራቁ አፍ በኩል ወጥቶ ይታይ ነበር። ሌላ ጭንብል ከመሥራት ይልቅ አገጩን ቀለም ቀቡትና የጭራቁ ምላስ ሆኖ ቀረ። ፊልሙን ዛሬ የሚያየው ሰው ይህን ካላወቀ ምላሱን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጣሊያናዊው ማሪዮ ባቫ በ1965 ‹ፕላኔት ኦቭ ዘ ቫምፓየርስ› በሚል የእንግሊዝኛ ስም የሚታወቀውን ፊልም ሮም በሚገኘው ቺኔቺታ ስቱዲዮ ሠራ። ሁለት መንኮራኩሮች በማይታወቅ ፕላኔት ላይ ወድቀው ይቀራሉ፤ የሞቱት ተጓዦች ከመቃብር ይነሳሉ። ባቫ ራሱ ሲናገር፣ ፕላኔቱን ለመሥራት የነበረው ከሌላ ፊልም የተረፈ ሁለት የፕላስቲክ ድንጋይ ብቻ ነበር። ድንጋዮቹን በመስታወት አባዛቸው፤ ባዶውን ቦታ በጭስና በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሐምራዊ መብራት ሞላው። ተዋንያኑ ከተለያየ አገር የመጡ በመሆናቸው እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ይናገር ነበር፤ ድምፁ በኋላ ተተካ። ገጸ ባሕርያቱ በአንድ ባዕድ መርከብ ውስጥ የግዙፍ ፍጡር አፅም የሚያገኙበት ክፍል ከ14 ዓመት በኋላ በሌላ፣ እጅግ ውድ በሆነ ፊልም፣ በ‹ኤልየን›፣ ውስጥ በተመሳሳይ መልክ ብቅ ብሏል።

ከዚህም በረከሰ መንገድ የሄዱ ነበሩ። አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ሮጀር ኮርማን የሶቪየት ኅብረት የጠፈር ፊልሞችን መብት እየገዛ በውስጣቸው ያሉትን የሮኬትና የፕላኔት ትዕይንቶች ይወስድ ነበር። በ1966 የወጣው፣ ኩርቲስ ሃሪንግተን ያዘጋጀው ‹ኩዊን ኦቭ ብለድ› እንዲህ ከተሠሩት አንዱ ነው። መንኮራኩሮቹ የሶቪየት ናቸው፤ ውስጣቸው ተቀምጠው የሚታዩት ተዋንያን ደግሞ የሆሊዉድ። የቀዝቃዛው ጦርነት ሁለት ወገኖች ሳያውቁት በአንድ ፊልም ላይ ተባብረዋል ማለት ይቻላል።

የዘውጉ አቅጣጫ የተለወጠው በተማሪዎች እጅ ነው። ጆን ካርፔንተርና ዳን ኦባነን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪዎች ሳሉ የጀመሩት ‹ዳርክ ስታር› በ1974 ለሕዝብ ታየ። በጀቱ 60,000 ዶላር አካባቢ ነበር። የመንኮራኩሯ ሠራተኞች ለዓመታት ፕላኔት በማፈንዳት ሥራ ላይ ቆይተው ተሰላችተዋል፤ አለቃቸው ሞቶ በበረዶ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲቸግራቸው ምክር የሚጠይቁት ግን አሁንም እሱን ነው። በመጨረሻ ከመንኮራኩሯ አልላቀቅ ያለ ቦምብ አልፈነዳም እንዲል በፍልስፍና ሊያሳምኑት ይሞክራሉ። በዚህ ፊልም ላይ የሚታየው ባዕድ ፍጡር የባሕር ዳር መጫወቻ ኳስ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ ከሥሩ የጎማ ጥፍር ተቀጥሎለታል። ኦባነን ራሱ ፒንባክ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ኳሱን በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ሲያሳድድ የሚታይበት ክፍል ረጅምና አስቂኝ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ግን እሱ የጠበቀውን ያህል ሳቅ አልተሰማም። ኦባነን ማሳቅ ካልተቻለ ማስፈራት ይቻላል ብሎ ያንኑ ሐሳብ፣ በመርከብ ውስጥ የሚያደፍጠውን ፍጡር፣ ከሮናልድ ሹሴት ጋር እንደገና አሰበበት። በ1979 ሪድሊ ስኮት ያዘጋጀው ‹ኤልየን› የተወለደው ከዚህ ነው። ወጪው 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር ርካሽ ፊልም አይባልም፤ አጥንቱ ግን የርካሽ ፊልሞች አጥንት ነው።

‹ኤልየን› ገንዘብ ሲያፍስ አስመሳዮች ተከተሉት። ኮርማን ካሊፎርኒያ ቬኒስ ውስጥ ገዝቶ ስቱዲዮ ባደረገው የእንጨት መጋዘን በ1981 ‹ጋላክሲ ኦቭ ቴረር› ተቀረጸ። የመንኮራኩሯን ውስጥ የነደፈው ያኔ ስም ያልነበረው ጄምስ ካሜሮን ነበር። የኮሪደሩን ግድግዳ የማክዶናልድስ ሃምበርገር በሚሸጥባቸው የፎም ሣጥኖች ደርድሮ ሸፈነውና ቀለም ረጨበት፤ ካሜራው ሲያልፍበት የብረት ግድግዳ መሰለ። በተቆረጠ እጅ ላይ ትል እንዲርመሰመስ ሲፈለግም ትሎቹ አልንቀሳቀስ ስላሉ በሽቦ ኤሌክትሪክ ለቀቀባቸው። ሊጎበኙ የመጡ ፕሮዲውሰሮች ትሎቹ እሱ ‹አክሽን› ሲል ሲንቀሳቀሱ፣ ‹ከት› ሲል ሲቆሙ አይተው ተደነቁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ካሜሮን የ‹ኤልየን›ን ተከታይ ‹ኤልየንስ›ን አዘጋጀ። የመጋዘኑ ግድግዳ ግን ወዲያው አልፈረሰም፤ በ1982 ለወጣው ‹ፎርቢደን ወርልድ› ደግሞ አገለገለ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የቪዲዮ ካሴት ሲስፋፋ እነዚህ ፊልሞች በሲኒማ አዳራሽ ማለፍ ቀረባቸው፤ በቀጥታ ወደ ኪራይ መደርደሪያ ገቡ። የታወቁ የአስፈሪ ፊልም ተከታታዮችም ምድር ላይ ታሪክ ሲያልቅባቸው ወደ ጠፈር መውጣት ልማድ አደረጉ፤ ‹ሌፕሪከን› እና ‹ጄሰን› ሁለቱም መንኮራኩር ተሳፍረዋል። ከአፍሪካ ወገን ደቡብ አፍሪካዊው ዳረል ሩት በ2004 ‹ድራኩላ 3000›ን ሠራ። አንዲት መንኮራኩር ሰው የሌለባትን ዴሜተር የተባለች መንኮራኩር ታገኛለች፤ ውስጧ የሬሳ ሣጥን ተጭኗል። ፊልሙ ከዘውጉ መጥፎዎች መካከል ይቆጠራል። የሚገርመው ይኸው ዳይሬክተር ለኦስካር የታጨውን፣ በዙሉ ቋንቋ የተሠራውን ‹የስተርዴይ›ንም በዚያው ዓመት ማውጣቱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ ፊልም ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ ትናንሽ የገበያ ከተሞች የደረሰው በአብዛኛው በቪዲዮ ቤት ነው። ከ1991 በኋላ በሆሳዕናም ሆነ እንደ ፎንቆ ባሉ የሀዲያ ከተሞች ፊልም ለማየት ሲኒማ አዳራሽ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አግዳሚ ወንበሮችና የተጋረደ መስኮት ያለው ቆርቆሮ ቤት ይበቃ ነበር። የዕለቱ ፊልም በር ላይ ይለጠፍ ወይም በጠመኔ ይጻፍ ነበር። ካሴቱ በቪሲዲ፣ ቪሲዲው በዲቪዲ፣ ዲቪዲው በፍላሽ ተተካ፤ ከዚያ የአውሮፓ እግር ኳስ በዲሽ መጥቶ ብዙውን ወንበር ወሰደ። በዚህ ቤት ንጉሦቹ የህንድ፣ የካራቴና የአክሽን ፊልሞች ነበሩ። የአማርኛ ትርጉም ፊልም ሲመጣ ተርጓሚው የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ድርሻ በአንድ ድምፅ እየተናገረ፣ ከራሱም ጨዋታ እየጨመረ ታሪኩን ይመራው ጀመር። በጨለማ ኮሪደር ዝም ብሎ መጠበቅ ላይ የቆመ ፊልም እዚህ ይቸገራል፤ ዝምታውን ተርጓሚው ይሞላዋልና። ሌላም ችግር አለበት። በቪዲዮ ቤት ያልተጻፈ ሕግ አክተሩ አይሞትም፤ በተሰናከለች መንኮራኩር ውስጥ ግን አክተሩ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ሌሎቹ አልቀው ሲያበቁ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ለዚህ ዘውግ ቅርብ የሆነ ፊልም ‹ክረምብስ› ነው። አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው ሲሆን በ2015 ሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ፣ ንግግሩ አማርኛ ነው፤ ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ከታላቅ ጥፋት በኋላ የሰው ዘር ተመናምኗል። ለዓመታት የዛገች መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንሳፋ ቆማለች፤ ሰዎች ከመልመዳቸው የተነሳ እንደ ተራራ ያዩዋታል። ካንዲና በርዲ የሚኖሩት በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ መንኮራኩሯም የነቃች ትመስላለች። ካንዲ የሚሳፈርበትን መንገድ ለማግኘት ይወጣል። በመንገዱ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ አለ፤ የማይክል ጃክሰንን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችን እንደ ቅርስ እያገላበጠ ይተምናል። በርዲ ደግሞ የማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች።

በአሜሪካዎቹ ፊልሞች ሰው መንኮራኩር ውስጥ ታስሮ መውጫ ይፈልጋል፤ እዚህ መንኮራኩሯ ከላይ ቆማ ሰው መሬት ላይ ቀርቷል፣ የሚፈልገውም መግቢያ ነው። ተመሳሳይ ግልበጣ በ2009 የወጣው የኒል ብሎምካምፕ ‹ዲስትሪክት 9› ላይም አለ፤ እዚያ መርከቧ የቆመችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ያ ፊልም ግን 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ያንሶ ዲኮር ማሠራት ሳያስፈልገው ካሜራውን ወደ ወንጪና ወደ ዳሎል ወሰደ። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የፖታሽ ማዕድን ሠራተኞች ትተውት የሄዱት ሰፈር ከጨው ብሎኬት የተሠራ ነው፤ በአቅራቢያው ቢጫና አረንጓዴ የአሲድ ኩሬዎች ይፈላሉ። ባቫ በጭስና በመብራት የፈጠረውን ባዕድ ፕላኔት አፋር ውስጥ ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ ሙቀቱን መቋቋም ነው እንጂ። ‹ክረምብስ› በእርግጥ ከሚያስፈራው ይልቅ የሚያሳዝነውና የሚያስቀው ይበልጣል፤ አስፈሪ ፊልም ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። 

ያንሶና ዳንኤል ታደሰ በ2019 ኢስቶኒያን ባካተተ የጋራ ሥራ ‹ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ› ላይ እንደገና ተገናኙ። ዳንኤል ዲ ቲ ጋጋኖ የተባለ፣ የገዛ ስሙን የያዘ የስለላ ሠራተኛ ሆኖ ይጫወታል። በዚህ ፊልም ሰው ታስሮ የሚቀረው በመንኮራኩር ሳይሆን በኮምፒዩተር በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ነው። ወደዚያ ዓለም የገቡ ገጸ ባሕርያት የስታሊንን፣ የሪቻርድ ፕራየርን ወይም የሮበርት ሬድፎርድን ፎቶ ቆርጠው ፊታቸው ላይ ጭንብል አድርገው እየተንገጫገጩ ይንቀሳቀሳሉ፤ ፊልሙ ዲጂታሉን ዓለም ያሳየው በወረቀት ነው።