ከዓሣ እስከ መግነጢስ፦ በስትሮክ ለተጓደለ ትኩረት አንጎልን የማነቃቃት ታሪክ

ስትሮክ የመታው ሰው እጅና እግሩ ሲታዘዝለት «ድኗል» ተብሎ ይሸኛል። በተለይ የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ታማሚ ግን ዓይኑ እያየ በግራው በኩል ያለውን ልብ ሳይል ሊቀር ይችላል። በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት የሚኖር ቡና ለቃሚ ቢሆን፣ የቀኙን ቀይ ፍሬ ለቅሞ የግራውን ትቶ ያልፋል፤ መንገድ ሲሻገርም ከግራ የሚመጣውን መኪና አያስተውልም። ቤተሰቡ ቸልተኛነት ይመስለዋል፤ ጉድለቱ ግን የትኩረት ነው። ይህን ጉድለት የራስ ቅል ሳይከፈት የማቃናት ሐሳብ ረጅም ታሪክ አለው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ ለጽኑ ራስ ምታት ንዝረት የሚሰጥ የባሕር ዓሣ በራስ ላይ እንዲደረግ አዝዞ ነበር። አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። የኢየሱሳውያኑ ጸሐፊ ኒኮላዎ ጎዲኞ በ1615 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ዓሣ ጋኔን ለማስወጣት ያገለግል እንደ ነበር ጽፏል። የጅማን አካባቢ ውኃ በጊቤና በጎጀብ በኩል የሚቀበለው የኦሞ ተፋሰስም ንዝረት ሰጪ ዓሣ ይገኝበታል።

ከዚያ በኋላ ኢጣሊያዊው ጆቫኒ አልዲኒ በ1804 ባሳተመው ሥራው ጽኑ ትካዜ ያደረበትን ሰው በባትሪ ኃይል እንዳከመ ገለጸ። በ1870 ጀርመናውያኑ ፍሪችና ሂትዚግ የውሻን አንጎል ገጽ በኤሌክትሪክ ነክተው እግሩን አንቀሳቀሱ። በ1985 እንግሊዛዊው አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በሼፊልድ፣ ከራስ ቅል ውጭ በተያዘ የመግነጢስ ጥቅል የሰውን እጅ አንቀሳቀሱ። በ2000 ደግሞ ኒትሼና ፓውሉስ በጎቲንገን፣ በራስ ቆዳ ላይ የሚያልፍ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት የአንጎልን ንቃት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ።

መሣሪያው ከትኩረት ጋር የተገናኘው በአንድ ሐሳብ ነው። ማርሴል ኪንስቦርን እንዳስረዳው፣ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ትኩረትን ወደየተቃራኒ አቅጣጫ ይስባሉ፤ ቀኙ ሲጎዳ ተቀናቃኝ ያጣው ግራ ትኩረቱን ሁሉ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። እንግዲያው ጤነኛውን ክፍል ማብረድ ሚዛኑን ይመልስ ይሆን? በ2001 ኦሊቬሪና ባልደረቦቹ ባልተጎዳው ክፍል ላይ መግነጢስ ሲያሳርፉ ጉድለቱ ለጊዜው ቀነሰ። ሆኖም በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 1,951 ታማሚዎች የተሳተፉባቸውን 65 ጥናቶች መርምሮ፣ ይህን ዘዴ ጨምሮ ለዚህ ጉድለት የቀረቡት ሕክምናዎች ጥቅማቸው ገና በበቂ ማስረጃ እንዳልተረጋገጠ ደምድሟል። መግነጢሱ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ ስለሚችልም ያለ ባለሙያ የሚሞከር አይደለም።

ታዲያ ለጅማና ለዙሪያዋ ከተሞች የጤና ባለሙያ ይህ ታሪክ ምን ይፈይዳል? የሚታከመው አስቀድሞ የታወቀ ጉድለት ብቻ መሆኑን ያስተምራል። በ1996 ስዊድናውያኑ ታምና ቴግነር ታማሚው 16 ኩቦችን በሰሌዳ ላይ በእኩል እንዲደረድር በማድረግ ጉድለቱን የሚያሳይ ፈተና አቀረቡ፤ ሕመሙ ያለበት ሰው ኩቦቹን ወደ ቀኝ ያከማቻል። የቡና ፍሬና ትሪ መደበኛውን ፈተና ባይተኩም፣ በየጤና ጣቢያው ፍንጭ ሊሰጡ ይችላሉ። በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ አስተምሯል፤ ይህ ልማድ ለዚህም ሥራ ይጠቅማል። መሣሪያው እስኪመጣ፣ ማስረጃውም እስኪጸና፣ ታማሚው ከመሸኘቱ በፊት ግራውን እንደሚያይ መጠየቅ፣ ቤተሰቡንም ማስረዳት ዛሬ የሚቻል ሥራ ነው።